በቻይና መንግሥትን መክሰስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጓንግዡ ሆኜ ዕቃ እየገዛሁ ወደ አገር ቤት እልካለሁ። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ቅጣት ጣለብኝ። አስተርጓሚዬ «ክሰስ፤ ሕጉ ከድሮ ጀምሮ አለ» ይለኛል። እውነት ነው? ካለስ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ አስተርጓሚዎ ልክ ናቸው፣ «ድሮ» ያሉት ግን መሐሉ ተቆርጧል። በ1914 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ ፒንግ ጄንግ ዩዋን የሚባል የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ማለትም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚከስበት፣ ተቋቁሞ ነበር። ከ1949 በኋላ የቀድሞው መንግሥት ሕጎች ሲሻሩ ይህ ዓይነቱ ክርክርም አብሮ ቀረ። የ1954ቱ ሕገ መንግሥት ባለሥልጣን ላይ አቤት የማለት መብት ቢሰጥም ወደ ችሎት የሚያደርስ ሥርዓት አልነበረም። በ1982 በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ ያውም በአንዲት ንዑስ አንቀጽ፣ ተመልሶ መጣ። ከ1987 ጀምሮ የፖሊስ ቅጣትን በፍርድ ቤት መቃወም ተፈቀደ።

በነሐሴ 1988 በጀጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ካንግናን አውራጃ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው ገበሬዎች የአውራጃውን አስተዳደር ከሰሱ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሳ ችሎቱ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተሰየመ፤ የአውራጃው አስተዳዳሪም ራሳቸው ቀረቡ። ገበሬዎቹ ተረቱ። ራሱን የቻለው የአስተዳደር ክርክር ሕግ በሚያዝያ 4 ቀን 1989 ጸድቆ ከጥቅምት 1 ቀን 1990 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ (ቀኖቹ በፈረንጆች ናቸው)።

የሕጉ ትልቁ ነገር የማስረዳት ሸክሙን በመሥሪያ ቤቱ ላይ መጣሉ ነው። ቅጣቱ ሕጋዊ ስለመሆኑ ማስረጃ ማቅረብ ያለበት እሱ ነው፤ ከተከሰሰ በኋላ ከእርስዎ ወይም ከምስክር እየለቀመ መሙላትም አይችልም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የተሸነፈው ችሎት ከመድረሱ በፊት፣ መዝገብ ቤት በር ላይ ነበር። ክሱን አይቀበሉም፣ በጽሑፍም አይመልሱም፤ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም። የ2014ቱ ማሻሻያ ይህን ለማረም ነው የወጣው። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ወዲህ ክሱ ካሟላ እዚያው ይመዘገባል፤ ካጠራጠረ ቀን ያለበት ደረሰኝ ተሰጥቶ በ7 ቀን ውስጥ ይወሰናል። ደረሰኙን ሳይዙ አይመለሱ።

ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ድሮ 3 ወር ነበር፤ አሁን ቅጣቱን ካወቁበት ቀን 6 ወር ነው። ነገር ግን አስቀድመው ለበላይ አካል አቤቱታ አቅርበው (ለዚህ 60 ቀን አለዎት) ውሳኔው ከደረሰዎት፣ የሚቀርዎት 15 ቀን ብቻ ነው። ብዙዎች የሚያልፍባቸው እዚህ ላይ ነው። የዳኝነት ክፍያው ለተራ የአስተዳደር ጉዳይ 50 ዩዋን ነው። ክስ መመሥረት ብቻውን ቅጣቱን አያግድም፤ ዕግድ ለብቻው ይጠየቃል። በአንዳንድ ከተሞች እንዲህ ያሉ መዝገቦች ለባቡር ትራንስፖርት ፍርድ ቤቶች ስለተሰጡ የትኛው እንደሚያይ አስቀድመው ይጠይቁ።

የውጭ ዜጋም እንደ ቻይናዊ መክሰስ ይችላል፤ ጠበቃ ካቆመ ግን በቻይና የጥብቅና ድርጅት ውስጥ የሚሠራ መሆን አለበት። ጉዳዩ የቪዛ ማራዘሚያ መከልከል ቢሆን ኖሮ መልሳችን ሌላ ነበር፤ በ2013 ሥራ ላይ በዋለው የመግቢያና መውጫ ሕግ መሠረት የፖሊስ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ፍርድ ቤት አያየውም።