ከአዲስ አበባ ሆነህ የአርማ 3 ስኳድ ልትገባ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቅ

ወንድሜ፣ «አርማ 3 ገዝቻለሁ፣ ከአዲስ አበባ ሆኜ የምር የወታደር ሥርዓት ያለው ስኳድ መግባት እፈልጋለሁ፣ ምን ላዘጋጅ?» ብለህ ጠይቀሃል። (ለማያውቅ፦ አርማ 3 የጦር ሜዳን የሚያስመስል የኮምፒዩተር ጌም ነው፤ ስኳድ ደግሞ እንደ ወታደር ተደራጅቶ በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወት ቡድን።) ከእኔ በፊት የመለሱልህ ልጆች በሙሉ ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው ያወሩት። ጌሙ 2013 ላይ የወጣ ነው፤ ሸክሙም ይበልጥ የሚያርፈው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ካስነሳልህ በቃ፣ እሱን እለፈው። እኔ ስገባ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁትን ነገር ልንገርህ።

1. ሰዓት። የስኳዱን ዝና፣ የዩኒፎርሙን ማማር፣ ዩትዩብ ላይ ያለውን ቪዲዮ ሁሉ ተወውና «ኦፕሬሽን የምትጫወቱት ስንት ሰዓት ነው?» ብለህ ጠይቅ። ኦፕሬሽን ማለት ስኳዱ በሙሉ አብሮ የሚጫወተው ተልእኮ ነው። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ስኳድ በራሱ አቆጣጠር 20:00 ላይ ይጀምራል እንበል። ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። እኛ አንድም ቀን ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ወደ ፊት ትገፋለች፣ አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ። ሲመልሱትም አውሮፓ በኦክቶበር መጨረሻ ትቀድማለች፣ አሜሪካ በኖቬምበር መጀመሪያ ትከተላለች። መሐል ላይ ባሉት ሳምንታት ብዙ ሰው ነው የሚቀረው። ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ ጋር ከተጫወትክ ግን የእነሱ 20:00 ለአንተ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። ራትህን በልተህ፣ ተጫውተህ፣ ትተኛለህ።

ይህን ለምን አጥብቄ እንደምነግርህ ስማኝ። የመጀመሪያው ስኳዴ አሜሪካዊ ነበር። ስሙን አልጠራም። ፎርም ሞላሁ፤ ዕድሜ፣ አገር፣ ማይክ አለህ ወይ፣ ለምን መግባት ፈለግህ። ከዚያ ዲስኮርድ (የድምፅና የጽሑፍ መነጋገሪያ መተግበሪያ) ላይ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። መልማዩ ከሰላምታ በፊት የጠየቀኝ «እዛ ኢንተርኔት አለ እንዴ?» ብሎ ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ሳቀ። እኔ በጨዋነት መለስኩ። ስለ ሰዓቱ በግልጽ ጠየቅሁት፤ «ችግር የለም፣ ከውጭ የሚጫወቱ ብዙ አሉ» አለኝ። ቃሉን አምኜ ገባሁ።

መሠረታዊ ሥልጠናው ሁሌም ሌሊት ነበር። አሰላለፍ፣ መንገድ ላይ ተራርቆ መሄድ፣ ሬዲዮ፣ ሕክምና። ሁሉንም አለፍኩ፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ጠዋት ሥራ እየገባሁ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት ኦፕሬሽን መሐል ላይ እያለን መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ወዲያው በስልኬ ዳታ ለመሪዬም ለመልማዩም ጻፍኩ። መልስ የለም። ሲነጋ ስሜ ከዝርዝሩ ተፍቋል፣ ቻናሎቹም ተዘግተውብኛል። ስጠይቅ «ይሄ የወታደር ቤት ነው፣ ሰበብ አንቀበልም» ተባልኩ። እስቲ አስበው፣ የምር ወታደር ቤት ሬዲዮው የጠፋበትን ሰው አዛዡ ምን እንደገጠመው ሳይጠይቅ ያባርረዋል? ደመወዝ ሳይከፈልህ እንቅልፍህን ለሰጠኸው ሰው ትንሽ አክብሮት አይበዛበትም። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

2. ሞድ። ጌሙ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፋይል ማለት ነው። እላይ ያልኩህ ስኳድ ሞዶቹ ከ60 ጊጋባይት በላይ ነበሩ። ያንን ሁሉ ፓኬጅ እየገዛሁ ነው ያወረድኩት። ስለዚህ ሙሉውን ከማውረድህ በፊት «አንድ ጊዜ በእንግድነት ልጫወት?» በላቸው። ደህና ስኳድ ይፈቅዳል። የማይፈቅድ ካለ ሌላ ፈልግ። እስከዚያ በአብዛኛው ስኳድ የማይቀሩትን አውርድ፤ ሲቢኤ (ሌሎቹ ሞዶች የሚቆሙበት መሠረት)፣ ኤስ (ሕክምናውንና ሌላውን እውነት የሚያስመስለው)፣ እና ከሬዲዮ ሞዶቹ ታስክ ፎርስ ወይም ኤከር፣ ስኳዱ የሚጠቀመውን። እነዚህ ቀላል ናቸው። ፓኬጅ የሚበሉት የካርታና የመሣሪያ ሞዶች ናቸው። ዝርዝሩን በኤችቲኤምኤል ፋይል ይልኩልሃል፣ ጎትተህ ላውንቸሩ (የጌሙ ማስጀመሪያ መስኮት) ላይ መጣል ነው። ፋይሉን ክፈትና በየሞዱ ገጽ ላይ የተጻፈውን ክብደት አስቀድመህ ደምር።

3. ማይክና ሬዲዮ። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው። የታስክ ፎርስ ሬዲዮ በቲምስፒክ (የድምፅ መነጋገሪያ ፕሮግራም) ነው የሚሠራው፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ፕለጊን አብረህ መጫን አለብህ። ካፕስ ሎክን ስትጫን አጭር ርቀት ሬዲዮ ትናገራለህ፣ ከኮንትሮል ጋር ስትጫነው ረጅሙን። ሳትጫን ያወራኸውን የሚሰማው አጠገብህ ያለ ሰው ብቻ ነው፣ ጠላት ሆኖ የሚጫወት ሰው ካለም ይሰማሃል። መጀመሪያ የምትጠራውን ሰው ስም፣ ቀጥሎ የራስህን በል። ጠላት ስታይ አትጩህ። «ጠላት፣ 240 ዲግሪ፣ 300 ሜትር፣ አራት ሰው፣ ከአጥሩ ጀርባ» ብለህ ዝም። እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው ብለህ አትፈር። ቀስ ብለህ ከተናገርክ ንግግርህ ከእነሱ የተሻለ ይሰማል። አሁን ያለሁበት ስኳድ ውስጥ ሬዲዮ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ከሜዲክነቴ (ቁስለኛ አካሚነቴ) ጎን።

ሜዲክ ስልህ፣ ይሄን ምክሬን ያዝ። ሁሉም ሰው ስናይፐርና መትረየስ ይፈልጋል። ሜዲክ የሚሆን ይጠፋል። «ሜዲክ መሆን እፈልጋለሁ» ያልክ ቀን በሩ ይከፈትልሃል። ፒንግህ (ከሰርቨሩ ጋር ያለህ መዘግየት) ከፍ ቢልም ሜዲክን ብዙ አይጎዳውም። በኮንቮይ ውስጥ መኪና መንዳት ላይ ግን በደንብ ይጎዳል፣ ስለዚህ ሹፌርነት አትጠይቅ። ከአሜሪካ ሰርቨር ጋር ከ200 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው የሚያሳይህ።

አንድ ቀን አልቲስ ላይ፣ 270 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው የጌሙ ደሴት፣ የቡድናችን መሪ ገደል ሥር ተመታ። እግሩ በኃይል ይደማል፣ ራሱን ስቷል። ራሱን የሳተ ሰው አይናገርም፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ጭስ ወረወርኩና ተጠጋሁ። መጀመሪያ እግሩን ከላይ በማሰሪያ አጠበቅሁ። ከዚያ ደረቱን በፋሻ፣ ቀጥሎ እግሩን። የልብ ምቱን ስለካ ደካማ ነው። አንዳንዱ እዚህ ጋ ቶሎ ሞርፊን ይወጋል፤ ሞርፊን የልብ ምትን ስለሚያወርድ ሰውየውን ሊገድለው ይችላል። እኔ ሳላይን ሰቀልኩለት፣ ያውም ማሰሪያ በሌለበት ክንዱ፣ ምክንያቱም በታሰረ እጅና እግር በኩል የሰጠኸው መድኃኒት ማሰሪያው እስኪፈታ አይሠራም። ምቱ ሲመለስ ኤፒነፍሪን (ልብን የሚያነቃቃ መድኃኒት) ሰጠሁት። ተነሣ። በሬዲዮ የመጀመሪያ ቃሉ «የት ደረስን?» ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎቹ ቡድኖች በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ይህን የምነግርህ እንድታነብ ነው። የኤስን የሕክምና ሥርዓት ሞዱን ጭነህ የጌሙ ኤዲተር (የራስህን ተልእኮ የምትሠራበት ክፍል) ውስጥ ለብቻህ ተለማመደው።

4. መብራት። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ግዛ፣ የስልክህ ዳታም ሁልጊዜ ይኑር። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ጥቂት ይይዝልሃል፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ለሱም ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ፎርሙ ላይ ቀድመህ ጻፈው፤ «የምኖርበት ቦታ መብራት ይሄዳል፣ ሲሄድ በስልክ እጽፋለሁ።» የአሁኑ መሪዬ ይህን አንብቦ «ስትችል ጻፍልን፣ ቦታህ ይጠብቅሃል» አለኝ። አውሮፓውያን ናቸው፣ አብዛኞቹ ቤተሰብ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች። ከመለሱልህ መልስ ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ። የሚያሾፉ ከሆነ ፎርሙን እዚያው ዝጋው።

5. ቤተሰብ። ከወላጆችህ ጋር የምትኖር ከሆነ ሄድፎን የግድ ነው። እናቴ ወንድሟ ዘማች ስለነበር የተኩስ ድምፅ አትወድም። አንድ ሌሊት በስፒከር ሰምታ ደንግጣ መጣች። ቁጭ አድርጌ የሕክምናውን ክፍል አሳየኋት፣ ከማን ጋር እንደምጫወት ነገርኳት። አሁን «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብላ ትጠይቀኛለች። በእኛ አገር ጦርነት የብዙ ቤት ቁስል ነው። ስኳድ ውስጥ ስለ አገርህ ግጭት እያነሣ የሚቀልድ ካለ ለመሪው ንገር፣ ካልሰማህ ውጣ።

6. ገንዘብ። ለሰርቨር ኪራይ መዋጮ በፈቃድ ነው። ማዕረግ ወይም ቦታ ለመስጠት ብር የሚጠይቅህ ሰው አታላይ ነው። ዲኤልሲ (ለጌሙ የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል) ለመግዛት ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክልህ ካሰበ ደግሞ፣ በአገራቱ መካከል የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስቲም (ጌሙ የሚገዛበት የኢንተርኔት መደብር) ስጦታውን ሊከለክል እንደሚችል ቀድመህ ንገረው። ዲጂታል ስጦታ ካርድም የሚላከው ስቲም ላይ ጓደኛ ከሆናችሁ ሦስት ቀን ሲያልፍ ነው።

የእኛ ስኳድ አሁን ሁለተኛ ሜዲክ እየፈለገ ነው። ቅዳሜ ማታ የሚመችህ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ከኦፕሬሽኑ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ቲምስፒክ ላይ ግባ፣ ሬዲዮህን አብረን እንፈትሻለን፣ ለመሪውም እኔ አስተዋውቅሃለሁ።