አባት ማኩላቸው ሲጎዳ ልጆች የጂን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል?

ከሳቢያን የጻፉልን ወንድማችን፣ አባትዎ በእርጅና የሚመጣ የማኩላ (በዓይን ውስጠኛ ሽፋን መሐል ላይ ያለው፣ ጥርት አድርጎ የሚያየው ክፍል) መጎዳት እንዳለባቸው በሐኪም እንደተነገራቸው፣ ውጭ አገር ያለችው እኅትዎም ልጆቻቸው ሁሉ የጂን ምርመራ እንዲያደርጉ እየወተወተች እንደሆነ ገልጸው፣ በሽታው በዘር ይወርድ እንደሆነና ምርመራው ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ ድሬዳዋ ለረጅም ዘመን ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እናቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ፤ ታላቅ እኅቴም አሁን ክትትል ላይ ስለሆነች ጥያቄው የእኔም ቤት ጥያቄ ነው።

ዘር ድርሻ እንዳለው ጥርጥር የለውም። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንትዮች ላይ የወጣ ጥናት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የበሽታው ልዩነት ከ46 እስከ 71 በመቶ የሚሆነው በውርስ የሚብራራ እንደሆነ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በክሮሞዞም 1 ላይ ያለው ሲ ኤፍ ኤች የተባለ ጂን ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ተገኘ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን፣ ተሕዋስያንን የሚያጠቃው ኮምፕልመንት የተባለ የመከላከያ ሥርዓት ወደ ራሱ ወደ ሰውነት እንዳይዞር ይገታዋል፤ በፕሮቲኑ 402ኛ ቦታ ላይ ታይሮሲን የተባለው የፕሮቲን መገንቢያ በሌላው፣ በሂስቲዲን፣ ሲተካ ግን ልጓሙ ይላላል። በአውሮፓ ተወላጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው አደጋው ወደ 2.5 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ ወደ 6 እጥፍ ከፍ ይልበታል። ሁለተኛው ትልቅ ስፍራ በክሮሞዞም 10 ላይ ሲሆን፣ ኤ አር ኤም ኤስ 2 እና ኤች ቲ አር ኤ 1 የተባሉት ጂኖች እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው ስለሚወረሱ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል። በ2016 የታተመ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት በ34 ስፍራዎች 52 ልዩነቶችን ቆጥሯል፤ ከእነዚህ መካከል የሚከላከሉም አሉ።

እንግዲህ አንድ ጂን ብቻውን በሽታውን አያመጣም፤ አደገኛውን ለውጥ ይዘው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በደህና የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ምርመራው በመደበኛነት እንዲደረግ አይመክርም፤ ውጤቱ የሐኪሙን ሕክምናም ሆነ የእርስዎን ጥንቃቄ አይለውጥምና። በዚያ ላይ ቁጥሮቹ በአብዛኛው የተሰሉት ከአውሮፓ ተወላጆች ነው። የሲ ኤፍ ኤች ለውጥ በአፍሪካ ተወላጆችም ዘንድ ብርቅ ሳይሆን የከፋው ደረጃ ግን በእነርሱ ላይ እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ ለድሬዳዋ ሰው የሚወጣው የአደጋ ስሌት በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው።

ከጂን ምርመራ ይልቅ የምመክረው የቤተ ሰቡን ታሪክ በደንብ መጠየቅን ነው። በእኛ ቤት «አያትህ ዓይኑ ጠፋ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ የለም። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ ጥናት እንዳሳየው ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ የመጣ ሲሆን፣ የግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ) ድርሻ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መጎዳት ድርሻ ደግሞ 4.8 በመቶ ነበር። ሞራ ሁሉንም ነገር ያደበዝዛል፤ ግላኮማ በአብዛኛው ከዳር ይጀምራል፤ ማኩላ ሲጎዳ የሚጠፋው መሐሉ ነው። እናቴ ከዚራ መንገድ ላይ ያለ ምርኩዝ ትሄድ፣ ከእግሯ አጠገብ የወደቀ ሳንቲም ታይ ነበር፤ ፊት ለፊት ቆሞ ሰላም የሚላትን ሰው ፊት ግን አትለይም። ጎረቤቶች «ኮራችብን» እስኪሉ ድረስ። በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ መሐሉ የጠፋበት ዘመድ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንደ ስታርጋርት ያለ፣ በዘር የሚወረስ የማኩላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ጊዜ የጂን ምርመራ በእርግጥ ይጠቅማል። ግላኮማም በቤተ ሰብ ውስጥ ይመላለሳልና ስሙ ከተነሳ ሁላችሁም ተመርመሩ።

ሲጋራ አደጋውን ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ያሳድጋል፤ አደገኛውን ጂን በያዘ ሰው ላይ ሲደመር ደግሞ ይብሳል። ስለ ጫቱ አይደለም የምናገረው፤ ነገር ግን በአዘቦት ቀን የማያጨስ ሰው እንኳ በርጫ ላይ ምርቃናው ሲመጣ ሲለኩስ ሁላችንም እናያለን፣ ያንንም ማጨስ ብሎ የሚቆጥረው የለም።

አባትዎን በሚመለከት የበሽታው ዓይነት ደረቁ (ማኩላው ቀስ በቀስ የሚሳሳበት) ይሁን እርጥቡ (ከማኩላው ሥር የበቀሉ ደም ሥሮች ፈሳሽ የሚያፈስሱበት) ሐኪሙን ይጠይቁ፤ እርጥቡ በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊገታ የሚችል ሲሆን መዘግየት ግን አይወድም። በቤት ውስጥ የንባብ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን እየሸፈኑ የመስኮቱን ፍርግርግ ይመልከቱ፤ ቀጥ ያለው ብረት ጎብጦ ወይም ተቆርጦ ከታያቸው በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሃምሳ ዓመት ያለፋችሁ ልጆችም የዓይን ብሌን በጠብታ አስፍቶ የሚደረገውን ምርመራ አድርጉ። ከጠብታው በኋላ በድሬ ፀሐይ ባጃጅ መንዳት አይታሰብምና ጥቁር መነጽርና አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

እኅትዎ በምርመራው ፋንታ ቫይታሚን ልላክ ካለች፣ በ2001 በወጣው የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚኑ የጠቀመው መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሱ ታማሚዎች እንጂ ለጤነኛ ልጆቻቸው እንዳልሆነ ይንገሯት። አባትዎ የሚያጨሱ ወይም አጭሰው የተዉ ከሆነም ቤታ ካሮቲን ያለበትን ዓይነት አትላክ፤ በአጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን አደጋ ስለሚጨምር በ2013 በወጣው ሁለተኛ ጥናት መሠረት በሉቲንና በዚአዛንቲን ተተክቷል። ማሸጊያው ላይ ጽሑፉን አንብባ ትግዛ።