ካሜራውን የገዙልሽ አጎትሽ

«ባሕር ዳር የታሪክ ትምህርት 3ኛ ዓመት ነኝ። አጎቴ ዲጂታል ካሜራ ገዙልኝ። አሁን ‹የፎቶና የሥዕል ታሪክ እያልሽ ማንበቡን ተዪና ሰርግ አንሺ፤ ገንዘቤን መልሺ› ይሉኛል። ሌንሴ አንድ ነው። ኮምፒውተርም የለኝም» ብለሽ ጽፈሻል።

እህቴ፣ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌንስ ይበቃሻል። ኮምፒውተሩን ከጓደኛ ተዋሺ።

የአጎትሽ ነገር ግን ከነከነኝ። ሰርግ ያበላል፣ አልክድም። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ማን ይሞሸራል? እኔም በወጣትነቴ እዚሁ ከተማ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ፊልም ማጠብና ማተም እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር። ዲጂታሉ ሲመጣ ከነሙያዬ ሜዳ ላይ ቀረሁ። ሳልማር የቆጨኝ ማሽኑን አይደለም፤ ምስልን ማንበብን ነው።

እስቲ ይህን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙ ሳይቆዩ በመንገድ አረፉ። በዚያው ዓመት የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶ አንሺ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ፎቶው ግሩም ነው። ግን ማን አለበሰው? ማን «እንዲህ ሁን» አለው? ለማን እንዲታይ? ነገ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ልጅ ለቱሪስት ስታነሺ ጥያቄው ያው ነው። ስሙን ጠይቂ፤ ፈቃዱንም። ማታ ፋይሉን ስትገለብጪ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን አብረሽ ጻፊ። ያለዚያ ከ20 ዓመት በኋላ ያ ልጅ «አንድ ታንኳ ቀዛፊ» ሆኖ ይቀራል።

ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴንም ሂጂና እዪ። በጀልባ ሩቅ ነው፣ ግን ሂጂ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ከፋዩ ምስሉ ውስጥ አለ ማለት ነው! ሰርግ ላይስ? ድግሱን የከፈለውን አጎት ከፎቶው ጠርዝ ላይ አቁመሽ እዪው፣ ሒሳብሽን እንዴት እንደሚከፍልሽ። ይኼም ታሪክ ነው፤ የምትበይበት።

ስለዚህ ቁርጡን ንገሪያቸው። «ጋሼ፣ ጥርንና ከፋሲካ በኋላ ያለውን ወር ሰርግ አነሳለሁ። ከምሠራው ላይ በየጊዜው እከፍልዎታለሁ። የቀረው ጊዜ የትምህርቴ ነው» በያቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በትሕትና ጠይቂያቸው፦ ካሜራውን ሲሰጡሽ ስጦታ ነው ያሉት ወይስ ብድር?