ውጭ አገር ሆኖ የማስተማር ፈቃድ ማውጣት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር ስምንት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያለ ፈቃድ ነው የሠራሁት። ከዚያ እዚያው ባለሁበት አገር ሆኜ፣ ማታ ማታ እየተማርኩ፣ «አማራጭ» በሚባለው መንገድ የአሜሪካ የማስተማር ፈቃድ አወጣሁ። መንገዱን ሳላውቀው ስለገባሁበት ብዙ ነገር ሁለት ሁለቴ ሠርቻለሁ። እናንተ ያንን እንዳትደግሙት ስለምፈልግ የጠየቃችሁኝን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም መምህር። «አማራጭ» ሲባል ከመደበኛው ያነሰ ማለት ነው? ቀጣሪ ዝቅ አድርጎ አያየውም?

አማራጭ የሆነው መንገዱ ነው፤ ፈቃዱ ያው ፈቃድ ነው። መደበኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመምህርነት መመረቅ ነው። አማራጩ በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ሰው የተከፈተ በር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኒው ጀርሲና ቴክሳስ ቀድመው ጀመሩት። መምህር አልበቃ ሲል፣ ፊዚክስ የተማረን ሰው እንደገና አራት ዓመት ተማር ከማለት ማስተማሩን ብቻ እናሠልጥነው አሉ። እኔን የቀጠሩኝ ሰዎች ያዩት ፈቃዴ የጸና መሆኑንና ክፍል ውስጥ ምን እንደምሠራ ነው። በየትኛው በር እንደገባሁ የጠየቀኝ የለም።

የ120 ሰዓት ቴፍል አለኝ። እሱ አይበቃም?

ቴፍል እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚወሰድ አጭር ኮርስ ነው፤ ለቋንቋ ማዕከል ይበቃሻል። የማስተማር ፈቃድ ግን አይደለም። የቴፍልን ወረቀት የሚጽፈው ኮርሱን የሸጠልሽ ድርጅት ራሱ ነው። ፈቃድ ደግሞ የመንግሥት አካል የሚሰጠው፣ ቀጣሪ ገብቶ የሚያረጋግጠው፣ ጥፋት ከተገኘም የሚነጠቅ ነገር ነው። በዘርፉ ትልቅ ስም ያለው ሴልታ እንኳ 120 ሰዓት ገደማ ትምህርትና 6 ሰዓት የማስተማር ልምምድ ነው፤ የተሠራውም በዋናነት ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ለማስተማር ነው። ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር የሚፈልግ ትምህርት ቤት እሱን እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም።

አሜሪካዊ አይደለሁም፤ አሜሪካንም ረግጬ አላውቅም። ፈቃዳቸውን ማግኘት እችላለሁ?

ትችላለህ። ግን አንድ ነገር መጀመሪያ ይግባህ፦ «የአሜሪካ ፈቃድ» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንደዚያው የራሷን ትሰጣለች። ደንቡም እንደየስቴቱ ይለያያል። አንዳንዱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የግል መለያ ቁጥር፣ ካላመጣህ ማመልከቻውን አይከፍትልህም። ሌላው አይጠይቅህም። ስለዚህ ለሚያሠለጥንህ ፕሮግራም ከመክፈልህ በፊት «ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው፣ ውጭ አገር የሚኖር ሰው በየትኛው ስቴት በኩል ነው ፈቃድ የሚያወጣው?» ብለህ በኢሜይል ጠይቅ። በስልክ አይሁን። መልሱ በጽሑፍ እጅህ ላይ ይቀመጥ።

ዲግሪህ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ደግሞ ታስገመግመዋለህ። ገምጋሚዎቹ ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ያሉ ድርጅቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ዌስ አንዱ ነው። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዲግሪህ ከምን ጋር እኩል እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ ይዘረዝራል። ለፈቃድ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። እኔ ርካሹን መርጬ፣ በኋላ ዝርዝሩን አምጣ ተባልኩና እንደገና ከፈልኩ።

የትኛውን ፕሮግራም ልምረጥ? ማስታወቂያው በዛብኝ።

ከፕሮግራሙ አትጀምሩ። ወዴት እንደምትሄዱ ወስኑና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቀጣዩ ሥራ የት ነው? እዚያ ያለው ቀጣሪና መንግሥት ምን ይቀበላል? ያንን የሚሰጠው ማን ነው? በዚህ ቅደም ተከተል ስትሄዱ ከማስታወቂያዎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው ይወድቃሉ።

በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ብዙዎቹ የአሜሪካ አማራጭ ፕሮግራሞች ትምህርቱ ኦንላይን ነው ይላሉ፤ እውነትም ነው። ግን መጨረሻው ላይ «ኢንተርንሺፕ» አለ። እሱም በዚያው ስቴት ትምህርት ቤት ተቀጥሮ እያስተማሩ የሚጨረስ ነው። ውጭ ላለ ሰው በሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ኮርሱ አልቆ፣ ወረቀቱ የማይወጣላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝናል።

ለውጭ ነዋሪ ከሚሆኑት ውስጥ ሞርላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በፊት ቲች ናው ይባል የነበረው ነው። ወደ ዘጠኝ ወር ይወስዳል፤ በትንንሽ ቡድን በቪዲዮ ትማራላችሁ፤ ልምምዱን ባላችሁበት አገር መሥራት ይቻላል። እኔ የሄድኩት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ሁለተኛው አሜሪካን ቦርድ ነው። ይኼኛው በፈተና ነው የሚሄደው፦ አንድ የትምህርት ዓይነቱ ፈተና፣ አንድ የማስተማር ሙያ ፈተና። ክፍል ገብቶ ልምምድ አይጠይቅም፤ ለብቻ ማጥናት ለሚችል ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚቀበሉት ሁሉም ስቴቶች አይደሉም፤ ፍሎሪዳ፣ አይዳሆና ሚዙሪ ከሚቀበሉት ውስጥ ናቸው። ሰርተፊኬቱም በራሱ ፈቃድ አይደለም። ይዛችሁት ወደ ስቴቱ ትሄዳላችሁ። ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው እኔ አልመክረውም። ሠላሳ ልጅ ፊት መቆም በፈተና አይለመድም።

እኔ የብሪታኒያ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው ያለሁት። ፒጂሲኢአይ ብይዝ ኪውቲኤስ ይሆንልኛል?

አይሆንም፤ ይህንን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፒጂሲኢአይ፣ ማለትም የኢንተርናሽናሉ ፒጂሲኢ፣ ጥሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው፣ ግን ብቻውን የእንግሊዝን የመምህርነት ደረጃ፣ ማለትም ኪውቲኤስን አይሰጥም። ኪውቲኤስ ከፈለግሽ ሁለት መንገድ እይ። አንዱ በ2022 በሙከራ የተጀመረው አይኪውቲኤስ ነው፤ ከእንግሊዝ ውጭ ሆኖ የሚሠለጠኑበትና ወደ ኪውቲኤስ የሚያደርስ። ሌላው «አሰስመንት ኦንሊ» የሚባለው ነው። እሱ ሥልጠና የለውም፤ ቀድሞ ማስተማር የሚችልን ሰው እስከ 12 ሳምንት መዝኖ የሚያሳልፍ ነው። ቢያንስ በሁለት ትምህርት ቤት ማስተማር ስለሚጠይቅ አንድ ቦታ ብቻ ለሠራ ሰው ያስቸግራል።

ልምምዱ እንዴት ነው? ሥራዬን መልቀቅ አለብኝ?

ሥራህን አትልቀቅ። እንዲያውም እያስተማርክ ከሆነ የራስህ ክፍል ልምምድህ ሊሆን ይችላል። ሞርላንድ ጋ ልምምዱ 12 ሳምንት ነው። ክፍል ለሌለው ሰው ግን ከሁሉም የሚከብደው ክፍል እንዲከፍትለት ትምህርት ቤት መለመን ነው። ያንን ሥራ በመጀመሪያው ወር ጀምሩት፤ የልምምዱ ጊዜ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ትልቁ ጉዳይ ሜንተሩ ነው። ፈቃድ ያለው፣ ጥቂት ዓመት ያስተማረ፣ ክፍላችሁ ገብቶ የሚያይና የሚፈርም መምህር ያስፈልጋችኋል። እኔ ልምምዱን በጀመርኩ በአምስተኛው ሳምንት ሜንተሬ ሥራ ለቀቀች። የተተካልኝ መምህር በጣም ጎበዝ ሰው ነው። የእሱ ፈቃድ ግን ጊዜው አልፎበት ኖሯል፤ እሱም ልብ አላለውም። ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ። አምስቱ ሳምንት ቀለጠ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከዜሮ ጀመርኩ። ስለዚህ የሜንተሩን ፈቃድ ቅጂ ተቀበሉና የሚያበቃበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ። ኮንትራቱ እስከ መቼ እንደሆነም ሳታፍሩ ጠይቁት። ሁለተኛ ሰው በመጠባበቂያ ያዙ።

ሌላው ቪዲዮ ነው። የምታስተምሩትን ቀርጻችሁ ትልካላችሁ። ለዚህ የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን ለመሰብሰብ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያውን ቪዲዮዬን ሳይ ደነገጥኩ። ጥያቄ እጠይቅና አንድ ልጅ አፉን ሳይከፍት ራሴ እመልሰዋለሁ። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሳስተምር ኖሬያለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠይቄ በልቤ እስከ ሰባት መቁጠር ጀመርኩ። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ በሁለተኛው ሳምንት ቆጠራዬ ስድስት ላይ ሲደርስ እጇን አወጣች። ከፕሮግራሙ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ከወረቀቱም ይበልጥብኛል።

ፕራክሲስን ከቤት መፈተን ይቻላል? ሒሳብ ከተማርኩ አሥራ አምስት ዓመት አለፈኝ።

ፕራክሲስ ብዙ ስቴቶች ለፈቃድ የሚጠይቁት የመምህራን ፈተና ነው፤ ብዙዎቹን የፕራክሲስ ፈተናዎች ከቤት መውሰድ ይቻላል። ኮር የሚባለው ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ነው፤ ለየብቻ መፈተን ስለሚቻል ሦስቱን በአንድ ቀን አትሸከሚያቸው። ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ ይሰጥሻል። የሚጠይቀው መቶኛ፣ ክፍልፋይ፣ ቀላል አልጀብራና ግራፍ ማንበብ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለሁለት ወር ብትሠሪ ይመለስልሻል። ከቤት ስትፈተኚ ተራ ወረቀት አይፈቀድም፤ የሚጠፋ ማርከርና ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አዘጋጂ። ስትጨርሺ አጥፍተሽ ለካሜራው ታሳያለሽ። ሁሉም ስቴት ፕራክሲስን አይጠቀምም፤ ፍሎሪዳና ቴክሳስ የራሳቸው ፈተና አላቸው።

በአካውንቲንግ ነው የተመረቅኩት። ሒሳብ ማስተማር እችላለሁ?

ብዙ ቦታ የትምህርት ዓይነቱን ፈተና ካለፍክ ይቻላል። አንዳንዱ ግን በዲግሪህ ውስጥ ያለውን የሒሳብ ክሬዲት ይቆጥራል። ትራንስክሪፕትህን ልከህ አስቆጥር።

ለፈቃዱ የወንጀል ምርመራ የሚጠየቀው አሻራ እንዴት ነው የሚላከው?

ኤፍዲ-258 የሚባል ካርድ አለ። እሱ ላይ በቀለም ታትማላችሁ፤ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ቢሮ ሄዳችሁ ማለት ነው። ኤፍቢአይ ለምርመራው 18 ዶላር ነው የሚያስከፍለው። የእኔ መጀመሪያ ተመለሰ፤ መስመሩ አይነበብም ተባለ። ላብራቶሪ ውስጥ እጄን በቀን አሥር ጊዜ ስለምታጠብ የጣቴ ጫፍ ደርቆ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ቅባት ተቀብቼ ሄድኩ። ያተመኝን ፖሊስም ጣቴን በጣም እንዳይጫነው ለመንኩት። አለፈ። ሁለት ካርድ አስሞሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ከአንድ ስቴት ያወጣሁትን ሌላ ስቴት ይቀበለኛል?

ናስድቴክ የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ፤ ሰዎች «አንዱን ካወጣህ ሁሉም ይቀበልሃል» ብለው ይተረጉሙታል። እንደዚያ አይደለም። ፈቃድህን ዓይተው ያንተን ሥልጠና ሊቆጥሩልህ ይችላሉ፤ ተጨማሪ ፈተና ወይም ኮርስ መጠየቅ ግን መብታቸው ነው። በ2023 አሥር ስቴቶች ተሰባስበው ሥራ ያስጀመሩት ሌላ የመምህራን ዝውውር ስምምነትም አለ፤ እሱ ይበልጥ ያቀላል፣ ግን አባል በሆኑት መካከል ብቻ ነው።

ፈቃዴን ቻይና ልወስደው ነው። የሰነድ ማረጋገጫው ያደክማል ይባላል።

ከበፊቱ ቀሏል። ቻይና ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የአፖስቲል ስምምነት አባል ናት፤ አፖስቲል ሰነዱ በሌሎች አባል አገሮች እንዲታመን የሚመታ የማረጋገጫ ማኅተም ነው፤ ስለዚህ በአገሩ አፖስቲል ከተመታ ኤምባሲ ለኤምባሲ መዞር ቀርቷል። ዲግሪው ዲግሪውን በሰጠው አገር፣ ፈቃዱ ፈቃዱን በሰጠው አገር ነው አፖስቲል የሚመታው። ሁለቱን አብራችሁ አትላኩ።

ወጪው ያዋጣል? እውነቱን ንገረን።

ለሁሉም አያዋጣም። ሁለት ዓመት ቋንቋ ማዕከል ሠርታችሁ ወደ ሌላ ሙያ የምትመለሱ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ማስተማር ሙያችሁ ከሆነ ግን አትዘግዩ። እኔ ፈቃድ በሌለኝ ጊዜ ከጎረቤት ክፍል መምህር ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራሁ የምከፈለው ከእሱ በብዙ ያነሰ ነበር። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ለቀጣዩ ዓመት መቅጠር የሚጀምሩት ከመኸሩ አንሥቶ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ ይጦፋል። ፈቃዱ ሰኔ ላይ ቢደርስላችሁ ጥሩ ጥሩው ቦታ ተይዟል። ጊዜውን ከዚህ አንጻር አስሉት።

የስምንት ወር ልጅ አለኝ፤ ሥራም እሠራለሁ። እችለዋለሁ ወይ መምህር?

እህቴ፣ ከእኔ ጋር የተማረች እናት ነበረች፤ ልጇን አቅፋ ነበር ክፍል የምትገባው፤ ጨርሳለች። ግን ከመመዝገብሽ በፊት የቪዲዮ ክፍሉ በአንቺ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሚውል ጠይቂ። የእኔ ቡድን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር የሚገናኘው። ሁለት ሳምንት ታገልኩና ሌላ ቡድን ለምኜ ተዛወርኩ፤ ወዲያው ነው የፈቀዱልኝ። ለአንቺ የሚመች ሰዓት ያለው ቡድን ከሌለ የሚቀጥለውን ዙር ጠብቂ።