«ነጻ ጋዜጣ» ከምን ነጻ ነው?

አንዲት የአዳማ አንባቢ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «መናኸሪያ አካባቢ የማስታወቂያ ጋዜጣ ሲታደል አንድ ተቀበልኩ። አናቱ ላይ ‹ነጻ ጋዜጣ› ይላል። ወንድሜ አይቶ ‹ነጻ ጋዜጣ ማለት የመንግሥት ያልሆነ ነው፤ ስላልተከፈለበት ነጻ አይባልም› ብሎ ተከራከረኝ። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ ጥያቄዎ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይዟል።

ገንዘብ የማይጠየቅበትን ነገር አማርኛ ብዙ ጊዜ በ«በ» ይናገረዋል። በነጻ ታከምኩ፤ በነጻ ሰጡኝ። እርግጥ «ነጻ ሕክምና» ስንልም ማንም አይሳሳትም። ጋዜጣ ላይ ሲሆን ግን «ነጻ» የሚለው ቃል ቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ የእርስዎ ወረቀት «በነጻ የሚታደል ጋዜጣ» ቢል ኖሮ ክርክሩም ባልተነሳ።

የሚገርመው፣ «ጋዜጣ» የሚለው ስም ራሱ ከዋጋ የመጣ ነው። ጋዜታ በቬኒስ የትንሽ ሳንቲም ስም ነበር። ወሬ የተጻፈባት ወረቀት በዚያች ሳንቲም ስለምትገኝ የሳንቲሟ ስም ለወረቀቷ ተረፈ። እኔም በወጣትነቴ እዚሁ አዳማ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቼ አንብቤያለሁ። አንብበን ስንጨርስ ለአከራዩ እንመልሳለን። ያን ጊዜ የቃሉን ታሪክ አላውቅም ነበር። ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ «ነጻ» ልምጣ። ቃሉ የ«ንጹሕ» ዘመድ ነው። በወንጌል «ለምጹ ነጻ» ሲባል በሽታው ለቀቀው፣ ጠራ ማለት ነው። ስለዚህ «ነጻ» ባለበት ሁሉ «ከምን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከዕዳ ነጻ፣ ከቀረጥ ነጻ፣ ከበሽታ ነጻ እንላለን። ጋዜጣስ ከምን?

ታሪኩ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ከቅድሚያ ፈቃድ። በእንግሊዝ ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1695 ፓርላማው ሕጉን ሳያድሰው ቀረና ጊዜው አለፈበት። በ1702 ለንደን ውስጥ ዕለታዊ ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ስዊድን ደግሞ በ1766 የቅድሚያ ምርመራን በሕግ አስቀረች፤ የሃይማኖት ጽሑፎችን ግን አልነካችም። ሁለቱም ጋ ጥያቄው ጋዜጣው የማን ነው የሚል አልነበረም። ከማተሚያ ቤት በፊት ማን ያየዋል የሚል ነበር።

በእኛ አገር ይህን ቀድሞ የሚያይ ዓይን «ሳንሱር» አልነው። «ሳን» ብሎ መጀመሩ ከፈረንሳይኛ መምጣቱን ያሳያል። ከባቡሩ ጋር ለገሀርን የሰጠን ቋንቋ መሆኑ ነው፤ ባቡር ያሳደጋት አዳማ ይህ አይጠፋትም። ሳንሱር በንጉሡም በደርግም ዘመን ነበረ። በሕግ የተከለከለው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ደግሞ «የቅድሚያ ምርመራ» ብሎ በአማርኛ ስሙ ከለከለው። ጥሩ ስም ነው። ከሳንሱር ይልቅ ነገሩን ራሱን ያሳያል፤ ብንለምደው እወዳለሁ።

«ነጻ ፕሬስ» በሰው አፍ የገባው በዚያው ሰሞን ነው፤ በየመንገዱ የግል ጋዜጦች ሲበዙ። ወንድምዎ «የመንግሥት ያልሆነ» ያሉት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ግን ከእሳቸው እለያለሁ። ያ «የግል ጋዜጣ» ይባላል። ባለቤቱ ግለሰብ ስለሆነ ብቻ ጋዜጣ ነጻ አይሆንም፤ ባለሀብቱም እንደ መርማሪ ቀድሞ ሊቆርጥ ይችላል። ደግሞም ከሳንሱር ነጻ መሆን ከእስር ነጻ መሆን አይደለም። ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ማንም ሳይመረምረው ላተመው ጽሑፍ የታሰረ አዘጋጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን ቃል ስንጽፍ «ከምን?» የሚለውን ብናስከትል መልካም ነው። ከሳንሱር ነጻ። ከባለቤቱ ጫና ነጻ። ከፍርሃት ነጻ።

ፊደሉንም ልንካው፤ ወረቀቱ ላይ በ«ፀ» ይሁን በ«ጸ» አልነገሩኝም። የ«ንጹሕ» ዘመድ ስለሆነ ሥሩ ጸሎቱ «ጸ» ነው። እኔ «ነጻ» ብዬ እጽፋለሁ። «ነፃ» ብሎ የሚጽፈው ግን እጅግ ብዙ ነውና፣ በዚህ ከወንድምዎ ጋር ሌላ ክርክር አይክፈቱ።