አንባብያን ይጠይቃሉ፦ ሙዚቃ እየሰሙ አምሽቶ በጊዜ መግባት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው። እንደ እኛው በዕድሜ ከገፉ ሁለት ወዳጆቻችን ጋር ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ገብተን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። አራታችንም ሙዚቃ እንወዳለን። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ቤት ገብተን፣ ድምፁ ደረታችንን እየደበደበን አንዲት ቃል ሳንነጋገር ወጣን። ልጆቻችንን ስንጠይቅ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ማን ይወጣል?» ይሉናል። ለእኛ የሚሆን ምሽት አለ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አለ፤ ነገር ግን ልጆችዎ ከሚወጡበት ሰዓት ቀድሞ የሚያልቅ ምሽት ነው። የእኛ ዕድሜ ሰው (እኔም ከእናንተ አልርቅም) በወጣትነቱ የሙዚቃ ምሽት እምብዛም አያውቅም። በደርግ ዘመን ለዓመታት በዘለቀው የሰዓት እላፊ ምክንያት ዋልያስ ባንድን በሂልተን ሆቴል፣ ሮሃ ባንድን በግዮን ሆቴል አምሽቶ የሰማው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ ሌላው ዘፈኑን የተማረው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የላላውን ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ቃል በቃል መስማት የለመደ ጆሮ ይዘን ነው የምንወጣው፤ ቃሉ የማይሰማበት ቤት ሲያጋጥመንም ሙዚቃው ጠፋብን እንላለን።

ለእንዲህ ያለ ጆሮ ከሁሉ የሚስማማው፣ በእኔ ግምት፣ አዝማሪ ቤት ነው። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው፣ እሱም ከፈረስ ጭራ የተገመደ መሣሪያ እንደ መሆኑ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ማጉያ ይበቃል። አዝማሪው ወደ ጠረጴዛችሁ መጥቶ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል፤ ደብረ ብርሃን ካላችሁት ብርዱን ሳያነሣ አያልፍም። እኔ አንድ ምሽት ካፖርቴን ሳላወልቅ ጥግ ይዤ ብቀመጥ፣ አዝማሪው አጠገቤ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦

«ብርዱን ጥሎ መጣ፣ ብርሃኑን ይዞ፤
ይሸልመን እንጂ፣ ምን ያደርጋል ተክዞ።»

ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሸለምሁ። ከዚያ በኋላ ጎን ያለ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው የራሳቸውን ስንኝ ሰጡት፤ አዝማሪው በዜማ ደገመው፤ ወርቁ የገባው ሳቀ፣ ሰሙን ብቻ የያዘው ደግሞ የሳቀውን እያየ ቆየ። ባለቤትዎ ቅኔ ቢጤ የሚወዱ ከሆነ ከቤት ሳይወጡ ሁለት ስንኝ አዘጋጅተው ይሂዱ፤ እርስዎም መምህርት ነዎትና አይጠፋዎትም። ለሽልማት ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ዝርዝር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ባለ 200 ብቻ ይዞ የገባ ሰው ወይ ይከስራል ወይ ያፍራል። ብሩን ግንባር ላይ መለጠፍ ግዴታ አይደለም፣ በእጅ መስጠትም ያው ሽልማት ነው።

የአዝማሪ ቤት አንዱ ጣጣ መቀመጫው ነው። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ጉልበት ሲነሡ ያማርራል። ስለዚህ ስልክ ደውላችሁ መደገፊያ ያለው ወንበር እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ ማጉያ የሚጠቀም ቤት ከሆነም ከድምፅ ማጉያው ፊት ሳይሆን ከጎኑ እንዲሆን ንገሯቸው። ባለፈው ዓመት የገጠማችሁ ነገር ከቤቱ ይልቅ ከመቀመጫችሁ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ድሮ የምታውቁትን ቤት ፍለጋ ግን አትሂዱ። የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ የነበረው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲፈርስ ብዙዎቹ ተበትነዋል፤ ፈንድቃ የተባለው ስመ ጥር አዝማሪ ቤትም የነበረበትን ቤት ለቅቋል። ያሉበትን ቦታ በሳምንቱ ውስጥ ጠይቆ መሄድ ነው እንጂ የቆየ አድራሻ ይዞ ታክሲ መሳፈር ድካም ነው።

እርስ በእርስ እያወራችሁ መስማት ከፈለጋችሁ ኢትዮ ጃዝ ይሻላችኋል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1950ዎቹ መጨረሻ ትዝታንና አምባሰልን የመሳሰሉትን ባለ 5 ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከምዕራባውያን ባለ 12 ድምፅ ስልት ጋር ያዋሐዱበት ሙዚቃ ነው። በአብዛኛው ግጥም ስለሌለው ጨዋታ አያቋርጥም፤ ዜማው ግን ከልጅነት የምናውቀው ነውና እንግዳ አይሆንብንም። የጃዝ ቤቶች ዘግየት ብለው ስለሚጀምሩ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ሰምታችሁ ውጡ።

እንደ ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ ያሉት የባህል ምግብ ቤቶች እራትና ጭፈራ አንድ ላይ ያቀርባሉ፤ በጊዜ ይጀመራል፣ በጊዜም ያልቃል። መድረኩ ከክልል ክልል ስለሚሮጥ ለእንግዳ ጥሩ ነው፤ የሸዋን ጭፈራ ሠርግ ላይ ላደገ ሰው ግን ትንሽ የችኮላ ይመስላል።

ጉዞአችሁን ከዐቢይ ጾም ጋር አታጋጩት። በ55ቱ ቀን ብዙ አዝማሪ ቤት ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል። ከገጠማችሁ ደግሞ የበገና ምሽት ፈልጉ፤ 10 አውታር ያለው የዚያ መሣሪያ ድምፅ ጸጥታ ስለሚፈልግ ከእናንተ በላይ የሚመቸው ታዳሚ የለም።

ጥያቄ፦ እኅቶቼ ከውጭ አገር ይመጡና ደብረ ብርሃን ሦስት ሌሊት ያድራሉ። ማታ ማታ ምን ላሳያቸው? (ከጠባሴ)

መልስ፦ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሚገኝ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ማታውን ደጅ ማሳለፍ አይታሰብም። ቀን አንኮበር ወስደሽ አሳያቸው፣ ሲመሽ ግን ምሽቱን ወደ ቤትሽ አምጪው። አንድ ባለ ማሲንቆ በዋጋ ተስማምተሽ ለሁለት ሰዓት ጥሪ። ጎረቤት ይሰብሰብ፣ ፍም ይቅረብ፣ የመንዝ በግ ጥብስና ቆሎ ይኑር። አረቄው በትንሿ መለኪያ ብቻ ይቀዳ፤ ከውጭ የመጣ ሰው የቤታችንን አረቄ እንደ ወይን ጠጅ ሲጨልጠው አይቼ አውቃለሁ፣ ማግሥቱን አንኮበርን ሳያይ ቀርቷል። ባለ ማሲንቆው በምን ተሳፍሮ እንደሚመለስ አስቀድመሽ አስቢበት፤ በከተማው የምሽት እንቅስቃሴ ላይ የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩንም በዚያው ሳምንት ጠይቂ። ገደብ ካለ ጨዋታውን ከቀኑ 10 ሰዓት አስጀምሪው፤ መጋረጃውን ከዘጋሽው ማታ ይመስላል።