የአንባቢያን ጥያቄ፦ የግቢ ፕላን ለምን በባለሙያ?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ በ1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ባለ አራት ፎቅ እንግዳ ማረፊያ ልንሠራ ነው። ለግንባታ ፈቃድ ከሚቀርበው ሰነድ ጋር የግቢው ፕላንም በባለሙያ ተነድፎ ይምጣ ተባልን። አርክቴክታችን ሳይት ፕላኑ (ሕንፃው በቦታው ላይ የሚቀመጥበትን የሚያሳየው ሥዕል) ላይ ዛፎች ስሎልናል፤ አይበቃም? አበባ ለመትከል ለሌላ ባለሙያ መክፈል አለብን?

መልስ፦ አይበቃም። አርክቴክታችሁ ለዛፍ የሳላቸው አረንጓዴ ክቦች የዛፉን ዓይነትም ሆነ የመሬቱን ከፍታ አይናገሩም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥን ሕንፃ ከሦስቱ የሕንፃ ምድቦች ከፍተኛው በሆነው ምድብ «ሐ» ውስጥ ነው ያስቀመጠው። በዚህ መጠን በሚሠራ ግቢ አበባው የመጨረሻው ጉዳይ ነው፤ ቀዳሚው ውሃ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ጣራውና ንጣፉ ተደምሮ 700 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት የወረደ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 21,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ሞልቶ ይተርፋል። ድሮ ሜዳው ይጠጣው የነበረ ውሃ አሁን ወይ ጎረቤት አጥር ሥር ይተኛል፣ ወይ ወደ መሠረታችሁ ይዞራል።

ስለዚህ ሥራው ከከፍታ ይጀምራል። ሰርቬየሩ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ያወጣል፤ የላንድስኬፕ (የግቢ ንድፍ) ባለሙያው በዚያ ላይ፣ በ1፡200 መጠን፣ ሥራው ሲያልቅ መሬቱ የሚኖረውን ከፍታ በቁጥር ይጽፋል። ንጣፍ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር፣ አፈር ደግሞ ከግድግዳው እስከ 3 ሜትር ድረስ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ከሕንፃው ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። የአሸንዳው ውሃ የት እንደሚገባ፣ ትርፉ በየት ወደ መንገድ ቦይ እንደሚወጣ የማያሳይ ፕላን ቢመለስባችሁ አይግረማችሁ። የድጋፍ ግንብ ካለ በየ1.5 ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቱቦ፣ ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይሳልበት፤ ብዙውን ግንብ የሚጥለው ከኋላው የታቆረ ውሃ ነው።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ግድግዳ ሥር የአበባ መደብ አታድርጉ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። በጥር በየቀኑ የሚጠጣው አንዱ ጎን ሲያብጥ ሌላው ደርቆ ይቀራል፤ ወለልና ግድግዳ የሚሰነጥቀው ይኸው ልዩነት ነው። ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ንጣፍ ይቅደም።

ሴፕቲክ ታንኩ፣ የምድር ውሃ ማጠራቀሚያው፣ የጄኔሬተሩ ቦታና የመብራት ኬብሉ ከተክሉ ጋር በአንድ ሥዕል ይታዩ። ለየብቻ ሲሳሉ «አረንጓዴ ቦታ» የተባለው መጨረሻ ላይ የሴፕቲክ ክዳን ሆኖ ይገኛል። ዋርካና ሾላ ለእንዲህ ያለ ግቢ አይታሰቡም። ግራቪሊያ ጥላው ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ ግን አሸንዳ ስለሚደፍን ከጣራ ይራቅ። ወይራና ጽድ ከሕንፃው 5 ሜትር ያህል ርቀው ቢተከሉ ይስማማሉ።

ሌላው ነገር ቁፋሮው ሲጀመር የሚሠራ ነው፦ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ተገፍፎ ከፍታው ከ1.5 ሜትር በማይበልጥ ክምር ይቀመጥ። ይህ በፕላኑ ካልተጻፈ ኮንትራክተሩ ጭኖ ይደፋዋል፤ እናንተም በኋላ በሲኖትራክ ትገዛላችሁ። የተረገጠው መሬት 30 ሳንቲ ሜትር ይታረስ፣ የሲሚንቶ ፍርስራሹም ይለቀም። የመትከያ ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቀድሞ ይቆፈር፤ ተከላው ዝናቡ ሲጠና ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምንሠራው ሕንፃ ቤዝመንቱ ከፎቁ ወጥቶ ግቢው ሥር ይዘልቃል። በላዩ ላይ ዛፍ መትከል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ስላቡን (የቤዝመንቱን የኮንክሪት ጣሪያ) ሳያሰላ በፊት ካወቀ። ለሣር 20፣ ለቁጥቋጦ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ለመካከለኛ ዛፍ ቢያንስ 1 ሜትር አፈር ያስፈልጋል። ውሃ የጠገበ 1 ሜትር አፈር በካሬ ሜትር 2 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስላቡ ካለቀ ግን ሣርና ሣጥን ውስጥ የሚበቅል ቁጥቋጦ ይብቃችሁ፤ ለእሱም ቢሆን መሐንዲሱ ክብደቱን ያረጋግጥ። አፈር ከመደፋቱ በፊት የውሃ መከላከያ ሽፋኑ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ለ48 ሰዓት አቁራችሁ ከሥር እዩ። ከአፈሩ በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ግቢውን ሁሉ ያስቆፍራል።